የተፈወሰ እጅ

ፍራንኮ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ የጸሎት አዳራሽ አለ። የአዳማ ፀሐይ ሲበረታበት ቆርቆሮው ጧ ጧ ይላል፤ ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ሰባኪውንም ሰሚውንም እኩል አቧራ ያለብሳል። ሰው ግን ሙቀቱንም አቧራውንም ችሎ እሑድ እሑድ ጢም ብሎ ይሞላዋል። ለምን ትመጣላችሁ ብትሉ ግማሹ "ለቃሉ" ይላችኋል። ሌላው ግማሽ፣ እውነቱን ከተናገረ፣ የሚመጣው የሺዓለምን ሊሰማ ነው።

የሺዓለም የዚያ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ተጫዋች ናት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ስትሆን ባሏ የኢሱዙ ሾፌር ነው፤ በሥራ ቀናት በሳሎኗ የሰፈር ልጆችን ፒያኖ ታስተምራለች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ንግግሯም ቁጥብ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ለጋብቻ ስትጠየቅ እንኳ ከ"እሺ" በቀር አንድ ቃል አልወጣትም እያሉ ዘመዶቿ ዛሬም ያሾፉባታል። እሷ የምትናገረው በጣቶቿ ነው።

ፒያኖ የተማረችው ኩየራ፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ሳለች ነው። አስተማሪዋ እትዬ ሸዋወርቅ ቀልድ የማያውቁ ሴት ነበሩ። ብርቱካን ያስይዟትና "እጅሽ ይሄን እንደያዘ ይቆይ፤ አንጓሽ አይውደቅ፤ ትንሿ ጣትሽ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ትሥራ፣ እንግዳ አይደለችም" ይሏታል። የሺዓለም ትምህርቱን እንደ ውሃ ጠጣችው። አንድ ነገር ብቻ አላግባባቸውም። ስንኙ ሲያልቅ የሺዓለም ዝም ብላ አታቆምም ነበር። አውራ ጣቷ ታችኛውን ድምፅ ይዞ ሲቆይ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ከላይ ሁለት ቁልፎች ላይ እየተፈራረቁ፣ ፈጠን ዘግየት እያሉ፣ አንድ ነገር ያንጠባጥባሉ።

"ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም" ይሏታል እትዬ ሸዋወርቅ።

"አዎ እትዬ" ትላለች። ደግማም ታደርገዋለች። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እናቷ በትዝታ ቅኝት ሲያንጎራጉሩ የመጨረሻዋን ቃል እንዲህ ሰበር ሰበር አድርገው ነበር የሚጨርሱት።

የአዳማ ምእመን ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፤ "የየሺ ጠብታ" አለው። በዚያ ቤት ወግ ጸሎት ያለ ኪቦርድ አይጸለይም። ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰባኪው ይጸልያል፣ ኪቦርዱ ከሥር ከሥሩ ይከተላል። ሰባኪው በመሃል መዝሙር ቢያነሳ፣ ከየትኛውም ድምፅ ይነሳ፣ የሺዓለም ከአፉ ትቀበለዋለች። የከተማው ተጫዋች አብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ብቻ መጫወት ይማርና ሌላውን ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ ተጭኖ ያልፋል፤ ማሽኑ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርግለታል። የሺዓለም ይህን ትንቅ ነበር። "እግር ያለው ሰው ምርኩዝ ምን ያደርግለታል?" ትላለች። ከዚያ ጠብታዋ ትመጣለች፤ ያኔ አዳራሹ ውስጥ ምንም ያልጎደለበት ሰው ሳይቀር ያለቅሳል።

አንድ ክረምት ላይ ያቺ ትንሿ ጣቷ መታጠፍ ጀመረች።

መጀመሪያ ድካም መሰላት። ቀጥሎ የቀለበት ጣቷም ተከተለች። ሁለቱ ጣቶች ቁልፉን ሊነኩ ሲሉ ወደ መዳፏ ይሸሻሉ፤ በግድ ስትዘረጋቸው ይብስባቸዋል። አሸቻቸው፤ በሙቅ ውሃ ነከረቻቸው፤ በፕላስተር ከመሃል ጣቷ ጋር አሰረቻቸው። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሦስት ጣት የሚበቃበትን ቦታ መረጠችና ያቺን የናቀቻትን ቁልፍ ተጫነች። ያን ዕለት ከአዳራሹ ስትወጣ ቀና ብላ ሰው አላየችም።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ያው እጅ ለሌላው ሥራ ደህና መሆኑ ነው። ሽንኩርት ይከትፋል፣ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፣ ሹሩባ ይሠራል። አዲስ አበባ ሄዳ ያየችው የነርቭ ሐኪም "እጅሽ ምንም የለበትም" አላት። "የተምታታበት ጣቶችሽን የሚያዝዘው የአእምሮሽ ክፍል ነው። አንድን እንቅስቃሴ ለዓመታት የደጋገሙ ሙዚቀኞች ላይ ይታያል። እናስታምመዋለን እንጂ ፍቱን መድኃኒት አለው ብዬ አልዋሽሽም።"

"ልምምዱ ነው ያመጣብኝ?"

"ይመስላል።"

እንግዲህ አስቡት። ሰው ከልቡ የሚወደውን ነገር አብዝቶ በመሥራቱ ያን ነገር ይነጠቃል። የሺዓለም ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ባለው መንገድ ሁሉ በመኪናው መስኮት እያየች አለቀሰች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ለአዳራሹ ሰባኪ ለመጋቢ ዘካርያስ ነገረቻቸው። መጋቢ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የታመመ ሰው ሲሰሙ ምሳቸውን ትተው የሚሮጡ ሰው ናቸው። ግን አንድ ነገር አንዴ ከገባቸው አይወጣላቸውም።

"ሽንኩርት ስትከትፊ ይታጠፋል?" አሏት።

"አይታጠፍም።"

"ሊጥ ስታቦኪስ?"

"አይታጠፍም።"

"መዝሙር ስትጫወቺ ብቻ?"

"አዎ መጋቢ።"

በረጅሙ ተነፈሱ። "ታዲያ ይሄ በሽታ ነው የሺዬ? ሽንኩርትሽን የማይጠላ፣ መዝሙርሽን ብቻ የሚጠላ ማን እንደሆነ አጥተሽው ነው?"

ሐኪሙ ያላትን ደገመችላቸው። "ሐኪም የሚያውቀውን ይናገራል" አሉና ለእሑድ ቀጠሯት።

ነገሩ የተበላሸው በዚያች እሑድ ነው። ጸሎት ያለ ኪቦርድ አይጸለይም ብያችኋለሁ። የሚጸለይላት ደግሞ ራሷ ኪቦርድ ተጫዋቿ ናት። ስለዚህ የሺዓለም በገዛ ፈውሷ ጸሎት ላይ አጃቢ ሆና ቁጭ አለች፤ መጋቢ ዘካርያስ በአንድ እጃቸው ትከሻዋን በሌላው ማይክ ይዘው ከጎኗ ቆሙ። ከኋላዋ ሁለተኛው ኪቦርድ ላይ እንደወትሮው ነገሪ አለ። ነገሪ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ እሷ ዜማውን ስትጫወት እሱ ከሥር ድምፁን ሳብ አድርጎ ይይዝላታል። ለዓመታት ከዚያ ያለፈ ነገር ሲጫወት የሰማው የለም። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

ጸሎቱ ጋለ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። "ተዘርጋ! በስሙ ተዘርጋ!" ብለው ጮኹ መጋቢ። የሺዓለም ዘረጋች። እሷም እኮ አማኝ ናት፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ይልቅ ፈውሱን የምትፈልገው እሷ ናት። ስንኙ አለቀ፣ አውራ ጣቷ ታችኛውን ድምፅ ያዘ፣ ሁለቱ ጣቶች ግን ሸሽተው መዳፏ ውስጥ ገቡ።

ጠብታው ተሰማ። ፈጠን፣ ዘግየት፣ ሰበር እያለ፣ እናቷ እንደሚጨርሱት ሆኖ፣ ከኋላዋ ተሰማ።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሴቶቹ ወደ መድረኩ ሮጡ፤ መጋቢ ዘካርያስ እንደ ሕፃን እያለቀሱ አቀፏት። የሺዓለም በእቅፋቸው ውስጥ ሆና ዞር ስትል ነገሪ አንገቱን ደፍቶ፣ ላቡ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠፈጠፈ አየችው።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለችው ሰው ሲወጣ።

"ባዶ ሲሆን አላስቻለኝም የሺዬ። ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው።"

"የት ተማርከው?"

"ከኋላሽ አይደል የኖርኩት?" አላት።

ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣላትም። ያመማት ሌላ ነገር ነበር። ነገሪ ቢያበላሸው ኖሮ በተሻላት! አሳምሮ ነው የተጫወተው። ከእሷ በቀር የማንም አይደለም ያለችው ነገር ከሌላ ሰው እጅ ወጣ፤ ያ ሁሉ የሚወዳት ሕዝብ ልዩነቱን አላወቀም።

በነጋታው ሁለቱም መጋቢ ዘንድ ሄደው እውነቱን ተናገሩ። መጋቢ አዳምጠው ሲጨርሱ ሳቁ። "ነገሪ? ነገሪ ይሄን ከተጫወተ እኔም ለአዳማ ከነማ እሰለፋለሁ!" ከዚያ ግን ፈገግታቸው ጠፋና "እስቲ ተጫወተው" አሉት። ነገሪ ተቀመጠ። ባዶ አዳራሽ፣ መጋቢ አናቱ ላይ ቆመው፣ የሺዓለም እጆቿን አጣምራ። የወጣው ድምፅ ፍየል ቁልፎቹ ላይ የተራመደችበት ይመስል ነበር። ደገመ፤ ባሰበት። እሷ ከፊቱ ካልመራችው ለካ አይችልም።

"ነገሪ፣ ትህትናህን እወድልሃለሁ" አሉ መጋቢ። ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺ ግን ፈውስሽን በአፍሽ እንዳትጥዪ። ይሄን የሚያናግርሽ ጥርጥር ነው።" እጃቸውን ጭነው ስለ ጥርጥሯ ጸለዩላት። የሺዓለም "አሜን" አለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ያለ እሷ ፈቃድ ሆነ። የዚያን እሑድ ጸሎት አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ሞጆም ባቱም ደረሰ። የሺዓለም ብትተወው ፈውሷን ክዳ ወጣች ሊሏት ነው፤ ብትቀጥል በየሳምንቱ መዋሸት ነው። ወዲህ ብትል ገደል፣ ወዲያ ብትል ገደል። እናም እሑድ እሑድ ትቀመጣለች፤ በሦስት ጣት ትመራለች፤ ስንኙ ሲያልቅ እጇን ቁልፎቹ ላይ ታሳርፋለች፣ ነገሪም ከኋላ ያንጠባጥባል። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል። እሷ ብቻ ማልቀስ አቃታት። ቤቷ ስትገባ የሳሎኑን ፒያኖ ጨርቅ አልብሳ "ዛሬ ትምህርት የለም" ትላለች ለልጆቹ። ባሏ "ምን ሆንሽብኝ?" ሲላት "ምንም" ትለዋለች።

አንድ እሑድ ከወለንጪቲ አንዲት አሮጊት መጡ። አዴ ሶረቲ ይባላሉ። ደም ግፊት ጥሏቸው ከተነሱ ወዲህ ግራ እጃቸው እንደ ሌላ ሰው እጅ በነጠላቸው ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጆሯቸው ስለደከመ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ በኪቦርዱ ጎን አስቀመጧቸው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ነጠላቸውን ገልጠው ወደ የሺዓለም ቀረቡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ አይደል የዳንሽው? በይ እጅሽን እዚህ አድርጊልኝ።"

የሺዓለም የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ያኔ ውስጧ የታመቀው ሁሉ ገንፍሎ መጣና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። "እማማ፣ እኔ አልዳንኩም። እያታለልኩዎት ነው።"

አዴ ሶረቲ ቀና ብለው አዩዋት። "አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። ሌላው ሲጨፍን እኔ ጣቶችሽን ሳይ ነበር። እነዚያ ሁለቱ ተኝተው ያ ልጅ ከኋላ ይነካካል።"

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያዩዋት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው። "ታዲያ ለምን መጡብኝ?" አለች።

"እና ከወለንጪቲ ድረስ መጥቼ ማንም ሳይነካኝ ልመለስ? ይሄን እጅ ስንት ጊዜው፣ እኔው አጥቤ ከማደርቀው በቀር የያዘው የለም። ዝም ብለሽ ያዢኝ።"

ያዘቻቸው። በሁለት እጇ፣ አጥብቃ። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ይህን ያዩት መጋቢ ዘካርያስ ማይካቸውን ይዘው ፊታቸው በርቶ ደረሱ።

"እናቴ፣ ምን ተሰማዎት? ለሕዝቡ ይንገሩ!"

አዴ ሶረቲ ማይኩን አዩ፤ የሺዓለምን አዩ። የሺዓለም በዓይኗ ለመነቻቸው፤ እውነቱን እንዲናገሩ ይሁን እንዳይናገሩ ራሷም አላወቀችም።

"ሞቀኝ" አሉ አሮጊቷ።

አዳራሹ "ሃሌ ሉያ!" ብሎ ተነሳ። ከኋላ ወንበሮች ሰዎች እየተጋፉ መጡ፤ አንዱ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሏል፣ ሌላው በምርኩዝ ነው። መጋቢ "በሰልፍ፣ በሰልፍ!" እያሉ መስመር አስያዟቸው። ከፊት የቆመችው ወጣት ሴት ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ዘረጋችላት፤ የሺዓለምም እጇን ወደ ሕፃኑ ከማንሳት ሌላ የምታደርገው አጣች።