ለባሕረኛው ጉደታ እናት

ሊነጋ ሲል፣ አዲስ አበባ። የይለፍ ወረቀቴን በደረት ኪሴ ይዤ ከአውቶብስ ተራ ተነሣሁ። ጉደታ በጦርነቱ ሜዳይ የተሸለመ ባሕረኛ ነበር፤ በአንድ ጀልባ አብረን ሠርተናል። ምጽዋ አጠገብ ጀልባው የተገለበጠበትን ዓሣ አጥማጅ ሊያወጣ ዘሎ ገባ፤ ሁለቱም አልወጡም። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ፈቃዴ ነው፤ ወደ እናቱ እየሄድኩ ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ቢረዝምልኝ ደስ ባለኝ።

ጊንጪ፣ ሦስት ሰዓት። የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኗል። ተሳፋሪው ሁሉ ለቁርስ ወረደ። ቅቤ የጠገበ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ አልወርድልህ አለኝ። ሹፌሩ አሞህ ነው ወይ ቢለኝ በመንገዱ አሳበብኩ።

አምቦ፣ አምስት ሰዓት ተኩል። የጉደታ አጎት ኦቦ ቶሎሳ ማቆሚያው ላይ ጠበቁኝ። መምህር ናቸው፣ ድምፃቸው ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ነው። ቀዝቃዛ የአምቦ ውሃ ጋበዙኝና ወዲያው ወደ ነገሩ ገቡ። የደረሳቸው ወረቀት በባሕር ላይ ተሰዋ ከማለት ሌላ ነገር የለውም። ልጄ መቃብር የለውም ብላ እንዳትሰቃይ፣ መርዶውን ሲያረዱ ለእህታቸው ጦር ሜዳ ወድቆ እዚያው ተቀበረ ብለዋታል። አስከሬኑን እንዳገኘነው ስነግራቸው ደነገጡ፤ ቆይተው ግን፣

"ቢሆንም ባሕር የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ዋሽተኸኛል ካለችኝ ምን እመልሳለሁ?" አሉኝ።

ጉደር፣ ሰባት ሰዓት። እናቱ አደ ጫልቱ "አካም ጂርታ፣ ልጄ" ብለው አቅፈው ሳሙኝ። ምሳ ቀረበ። ስለ ጦር ሜዳው ጠየቁኝ፤ ኦቦ ቶሎሳ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ስለማላውቀው ኮረብታ መንተባተብ ጀመርኩ። አደ ጫልቱ ትንሽ ከሰሙኝ በኋላ አቋረጡኝ።

"ተው ልጄ። ባሕረኛ ኮረብታ ላይ ምን ይሠራል? ጉደታ እዚህ ወንዝ ውስጥ ነው ያደገው፤ ውሃ ሰው ሲወስድ አይቶ አይቆምም። ዝም ያልኩት ቶሎሳን እንዳይከፋው ነው። አሁን ንገረኝ፣ አፈር ለብሷል?"

"ለብሷል። በሦስተኛው ቀን ባሕሩ መለሰው። በእጄ ነው የቀበርኩት፤ ቄስም ነበሩ።"

አደ ጫልቱ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው "ገለታ ዋቃ" አሉ፤ ተመስገን ማለታቸው ነው። ከሁላችን አብልጠው ያለቀሱት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው ምሳውን ከሁላችን አብልጠው በሉ። እኔም ራቡ የዚያን ጊዜ ታወቀኝ።

ዘጠኝ ሰዓት። አደ ጫልቱ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። አውቶብሱ ሲመጣ ያልጠየቁኝን ነገርኳቸው። በጀልባችን ደንብ ውሃ ለገባ ጓድ የተጣለ ገመድ የያዘ ሰው ገመዱን አይለቅም። የዚያን ቀን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ባዶውን ስቤ ሳወጣው እንኳ አልገባሁም።

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

"እንኳንም አልገባህ። አንተም ብትገባ ኖሮ ዛሬ ማን መጥቶ ይነግረኝ ነበር?"

ገና አምቦ ሳንደርስ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አዲስ አበባ ስንገባ የቀሰቀሰኝ ሹፌሩ ነው።