ሥራ የቆመበት ምክንያት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት በተቀመጥሁበት ጊዜ ነው። የማልረሳው ደፋር ስለሆንሁ አይደለም። ደፋር አይደለሁም፤ የጎረቤታችንን ውሻ ፈርቼ በሌላ መንገድ ነው የምዞረው። የማልረሳው ነገሩ ሁሉ የመጣው በእጅ ጽሕፈቴ ስለሆነ ነው።

ታላቅ እህቴ ሰብለ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ የቻይኖች የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሰዓት ተቆጣጣሪ ናት። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ሥራው መቼ ቆመ እያለች ትመዘግባለች። ቤታችን የሚኖረው በእሷ ሥራ ነው። ጽሕፈቷ ግን ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በንጹሕ ወረቀት የምገለብጥላት እኔ ነበርሁ።

ቅጹ ላይ «ሥራ የቆመበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሚስተር የሚለው ቻይናዊ አለቃ፣ አንዲት ደቂቃ እንዳትቀር ብሎ አጥብቆ አዟል። ሥራው ሲዘገይ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ የሚያሳየው እሱን ነው። ስለዚህ «ዝናብ፣ አርባ ደቂቃ» እጽፋለሁ። «ላም መንገድ ላይ ተኝታ፣ ስድስት ደቂቃ» እጽፋለሁ።

ሰብለ ከወረቀቱ ውጭ የምትነግረኝ ሌላ ነገር ነበር። ሚስተር ከወንበሯ ኋላ ይመጣና ትከሻዋን ይይዛል። አንገቷን ይነካካል። ለምን አታገቢም ይላትና ይስቃል። እሷ እጁን እስኪያነሳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች። ለፎርማኑ ለጋሽ ይርዳው ብትነግራቸው፣ የአገራቸው ባህል ነው፣ ሥራ እንደሆነ እንደ ልብ አይገኝ፣ ዝም በይ አሏት። ቢሮ ሄዳ ብታመለክት ምስክር አምጪ ተባለች። አይቻለሁ የሚል ጠፋ።

አንድ ቀን ስገለብጥ፣ እስክሪብቶ ማስቀመጥስ ሥራ ማቆም አይደለም ወይ ብዬ አሰብሁ። አሰብሁና ጻፍሁት። «ከ4፡10 እስከ 4፡15፣ ሚስተር የሰዓት ተቆጣጣሪዋን ትከሻ ይዞ ስለቆየ።» ከላሟ በታች፣ ከዝናቡ በላይ አገባሁት።

ሰብለ አነበበችው። ቢያባርሩ የሚያባርሩት እሷን እንጂ እኔን አይደለም። ፈራሁና ልቀደው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሰዓቱ ተሳስቷል» አለች። «ሰባት ደቂቃ ነው።»

አስተካከልሁት፤ ፈረመችበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍን። ሚስተር አማርኛ አያነብም። ጋሽ ይርዳውም ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት።

ከዚያ መሐንዲሱ ለስብሰባ መጣ። እኔ የሰብለን ምሳ አድርሼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መሐንዲሱ ቅጾቹን እያገላበጠ ቆየና አንዱ ላይ ቆመ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ፣ ይህንም ሌሎቹንም ለአለቃሽ ተርጉሚላቸው ብሎ ለአስተርጓሚዋ ሰጣት። አስተርጓሚዋ ወጣት ቻይናዊት ናት፤ ሠራተኞቹ አበባ የሚል ስም አውጥተውላታል።

ጋሽ ይርዳው ጠጋ ብለው ወረቀቱን አዩና «ዝናቡንና ላሟን ብቻ ንገሪው» አሏት።

ብትዘለው የሚያውቅባት አልነበረም። እሷ ግን ዘጠኙንም ከነደቂቃቸው በቀስታ አነበበች። የሚስተር ጆሮ ቀላ። የሆነ ነገር በቻይንኛ ተናገራት።

«ቀልድ ነው ይላሉ» አለች። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀጠለች። «እኔንም እንዲሁ ነው የሚቀልዱብኝ። በአገራችንም መሥሪያ ቤት ሴቷን ዝም በይ ይሏታል። ባህል አይደለም፤ ስለምንፈራ ነው። ይሄ ትርጉም አይደለም፣ የራሴ ነው።»

ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

መሐንዲሱ ሰብለን እውነት ነው ወይ አላት። ደቂቃው በሰዓቴ የተያዘ ነው አለችው። መጀመሪያ ያነበበው ቅጽ ሥር ፈረመ።

ሚስተር ድንጋይ ወደሚፈጭበት ቦታ ተዛወረ። እዚያ ሴት የለችም፤ ድንጋይ ብቻ ነው። ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። ጋሽ ይርዳው ከመጀመሪያው ብያለሁ እያሉ ያወራሉ። ሰብለ ሥራዋ ላይ ናት፤ አበባም አልተባረረችም፣ ምሳ አብረው ነው የሚበሉ።

እኔ አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ። የአማርኛ መምህራችን ድርሰትሽ ስሜት ይጎድለዋል ብለው ከአሥር ሰባት ሰጡኝ። አልተከራከርሁም። የዚያን ወረቀት ቅጂ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሲከፋኝ አወጣና አየዋለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። ከጻፍሁት ሁሉ እስካሁን መሐንዲስ የፈረመበት እሱ ብቻ ነው።