ሳላየው የቀረሁት የከሰል ደሴት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ቶሮንቶ ሁለተኛ ዲግሪዬን በጂኦሎጂ ስማር ነው። ቅናት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያወቅኩት ያኔ ስለሆነ አልረሳውም።

በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ የድንጋይ ከሰል አለ። ሁለት ዓመት ያጠናሁት የዚያን ከሰል ናሙና ነው፤ ቦታውን ግን ከካርታ በቀር አላውቀውም። አንድ ቀን ፕሮፌሰራችን ሄሊኮፕተሩ ላይ የአንድ ሰው ቦታ እንዳለ ነግረውን ወደ እኔ ዞሩ። "መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን "ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ይሂድ" አለ። እኛ ቤት እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ወዲያው እሺ አይልም፤ እስኪለመን ይጠብቃል። እኔም እስክለመን እየጠበቅኩ ነበር።

እሳቸው "እሺ" ብለው ወደ ሰላም ዞሩ። ሰላም እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የክፍል ጓደኛዬ ናት። ጥያቄው ሳያልቅ "የስ!" አለች።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት፣ "አንዴ ብቻ ጠይቆ ተወሽ? ምን ዓይነት ሰው ነው!" ብላ በፕሮፌሰሩ ተናደደች። ቀጥላም "እንኳንም ቀረሽ፤ የዚህ ብርድ መች አነሰሽና!" አለችኝ።

ሰላም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ላብራቶሪ ውስጥ ፎቶዎቿን ስታሳየኝ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ። አንድም ዛፍ የሌለበት ቡናማ ኮረብታ፣ ወገቡ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ጥቁር ከሰል፣ ከግርጌው በረዶ የሚንሳፈፍበት ባሕር። ከሰሉ ድሮ ጫካ እንደነበረ ያስረዳኋት እኔ ነበርኩ። እዚያ የቆመችው ግን እሷ ናት። "ምነው ጭጋግ ወርዶ ሄሊኮፕተሩ ሳይነሳ በቀረ" አልኩ በልቤ። አፈርኩ፤ ግን ብያለሁ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ሁለት ቁራጭ ከሰል አወጣች።

"አንዱን ትፈልጊያለሽ?"

"አይ፣ ለአንቺ ይሁንሽ።"

"ኦኬ" ብላ ሁለቱንም መልሳ ከተተች።

ዚፑ ሲዘጋ ሰማሁ። "ሰላም፣ ቆይ!" ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። "እፈልጋለሁ። ያኔም መሄድ ፈልጌ ነበር።"

ዓይኗ ፈጠጠ። "ሲሪየስሊ? ታዲያ ለምን ኖ አልሽ? እኔ እኮ ብርድ ትፈሪያለሽ ብዬ ነው!"

ቦርሳዋን መልሳ ከፈተችው። ትልቁን መርጬ ወሰድኩ።

አሁን ከሰሉ መጻሕፍቴ አጠገብ ተቀምጧል፤ ስነካው ጣቴን ያጠቁረዋል። ሰላምን እወዳታለሁ፤ ደሴቱን ያየችው እሷ መሆኗ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ባለፈው ሳምንት ለሚቀጥለው ጉዞ እንዲወስዱኝ ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል ጻፍኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።