ለሠርግ ፎቶ ነው ብዬ የገዛሁት ላፕቶፕ

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጌም እጫወታለሁ። ይህችን አጭር ነገር ካምፓላ ውስጥ ለአንድ ሐበሻ ለመናገር ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራዬ የሠርግ ፎቶ ማንሳት ነው። ሐበሻ በተጋባበት ሁሉ እገኛለሁ፤ ጂንጃ፣ ጉሉ፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሬ ጁባ። ሠርጉ እሑድ ከሆነ መልሱ ሰኞ ነው፤ የሙሽሪት ቤተሰብ ደግሞ ፎቶውን በመልሱ ዕለት ካላየ ፎቶ አንሺው ጭራሽ እንዳልመጣ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ፎቶ የማስተካክለው አውቶቡስ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ማረፊያ ቤት፣ አንዴማ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቁጭ ብዬ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ ከቻርጀር ከተነቀለ አርባ ደቂቃ አይቆይም ነበር። አንድ መልስ ላይ ዘመድ አዝማድ ከብቦኝ ፎቶ ሳሳይ፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አንድ እግሯ አየር ላይ እንዳለ ስክሪኑ ጨለመ። እናትየው እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ይህ ለሰው የምናገረው ምክንያት ነው። የማልናገረው ምክንያት ልጄ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እኔና እናቷ ከተለያየን ቆየን። ስልክ ስደውልላት "ደህና ነኝ፣ ትምህርትም ደህና ነው፣ እሺ ቻው" ብላ ትዘጋዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁለታችንም ኮምፒውተራችንን ከፍተን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን፣ በኢንተርኔት የመኪና እሽቅድድም እንጫወታለን። ያን ጊዜ አፏ ይፈታል። መኪናዋን እያከነፈች ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ስላኮረፈቻት ጓደኛዋ፣ ስለ ሁሉም ታወራኛለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የልጄን የሚያወጣው ጌም ነው። እናም አሮጌው ላፕቶፕ አንድ ቀን ጨርሶ አልነሳ ሲል ያስደነገጠኝ የሰው ሠርግ አልነበረም፤ የራሴ ቅዳሜ ነው።

እኛ ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር የምንውል ሰዎች ደግሞ ትልቅ ሰው ሳንይዝ ዕቃ አንገዛም። ፍሪጅም ይሁን ሶፋ፣ ብቻህን ገዝተህ ከተገኘህ ወይ ተታልለሃል፣ ወይ የደበቅከው ነገር አለ። የእኛ ትልቅ ሰው ጋሼ ናቸው። ምሳዬን የምበላበት ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ልጃገረድ ለምነዋል፣ የጄኔሬተር ዋጋ አስቀንሰዋል። ላፕቶፕ ልገዛ ነው ባልኩ በማግስቱ ለሽምግልና የሚለብሱትን ኮት ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

መሃል ከተማ ያለው ሻጭ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ዑጋንዳዊ ነው። ሁለት ላፕቶፕ ከፊቴ ደረደረ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ለፎቶ ቀለሙ ግሩም፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ፣ ጌም ግን የማይችል። ሁለተኛው ወፈር ይላል፤ ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ አለው። ፎቶ ሲሠሩበት ካርዱ ስለሚተኛ ባትሪው ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ጌም ሲከፈት ካርዱ ይነቃና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

"ቀኑን ሙሉ ጌም የሚያጫውት ባትሪ የለም፤ አለ የሚልህን አትመን" አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው።

ጋሼ ወፍራሙን አንስተው በእጃቸው መዘኑት። "ይኼን ምኑ ነው እንዲህ ያወፈረው?"

"ጌም ነው" አለ ሻጩ። ወደ እኔ ዞሮ "ሴቦ፣ ጌም ትጫወታለህ?" ሲል ጠየቀኝ። ሴቦ ጌታው እንደማለት ነው።

ጋሼም ዞረው አዩኝ። እኚህ ሰው ባለፈው ፋሲካ ምእመናን ፊት "ቁም ነገረኛ" ብለው አመስግነውኛል። ይሉኝታ ያዘኝ።

"እኔ? ኧረ በፍጹም" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "ሥራዬ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው" ብዬ ጨመርኩበት።

ጋሼ ደስ አላቸው። ለሻጩ "ይኼ ትልቅ ሰው ነው፤ የልጅ ዕቃ አታሳየው" ብለው በቀጭኑ ዋጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ ቦርሳና ማውስም በነፃ አስጨመሩ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ ሐሳቧን ማንም እንዳልጠየቃት ሙሽራ ቁጭ ብያለሁ።

ቅዳሜ ማኪንድዬ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጌሙን ከፈትኩት። ልጄ ሁለተኛውን ዙር ስትጨርስ የእኔ መኪና ገና ከመነሻው መስመር አልተላቀቀችም። ስክሪኑ ይቆማል፣ ትንሽ ይነቃነቃል፣ መልሶ ይቆማል።

"አባዬ፣ ነዳጅ አለቀብህ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ቆይታ ሳቋን ተወችው። "ልነግርህ የፈለግኩት ነገር ነበር።"

"አሁን ንገሪኛ።"

"አይ፣ እንዲህ ቁጭ ብለን አይሆንም። ስንጫወት እነግርሃለሁ" አለችና ወጣች።

ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ታማ ይሆን? ከትምህርት ቤት ተባራ ይሆን? ብደውል "ደህና ነኝ፣ እሺ ቻው" ነው። ሻጩ ዕቃውን እንደሚለውጥልኝ አውቃለሁ፤ ዋጋውን የቆረጡት ግን ጋሼ ናቸው፤ እሳቸውን ዘልዬ ብሄድ ነውር ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ምሳ ሰዓት ምግብ ቤታቸው ገባሁ።

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ።"

ፎጣቸውን አስቀመጡ። "ቁማር ነው?"

"አይደለም።"

"ሴት ናት?"

"ልጄ ናት" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቅዳሜውን፣ መኪናውን፣ ልነግርህ ነበር ያለችኝን። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተቆጡ።

"እና ሰው ፊት የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው ያልከው ምን ቆርጦህ ነው?"

"እርስዎን አፍሬ።"

"እኔን! የእኔ ልጅ ካናዳ ነው ያለው፤ በወር አንዴ ደውሎ ስለ በረዶ ይነግረኛል። በረዶ ምን ያደርግልኛል? በጌም የሚያወራኝ ቢሆን አልማርም ነበር? ተነስ!"

ሱቁ ስንደርስ ገና ከደጃፉ "ይኼ ሰውዬ ጌም ይጫወታል! ወፍራሙን አምጣለት!" አሉ። ፎቁ በሙሉ ሰማ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ቦርሳው ለወፍራሙ ስለጠበበ ሌላ ቦርሳ በነፃ አስጨመሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእሑድ ሠርግ ጉሉ ነበርኩ። የማረፊያ ቤቱ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ባትሪዬ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱን ከስልኬ ሳብኩ።

"ባትሪህ ምን ያህል ይቆያል?" አለችኝ ልጄ።

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

"ይበቃል።" ሁለት ዙር ነዳች። ሦስተኛው ላይ "እማዬ ልታገባ ነው" አለች።

መኪናዬ ከግድግዳ ጋር ተላትማ ተገለበጠች። ልጄ "ወደ ኋላ አድርጋት፣ አሁን ወደ ግራ፣ አዎ" እያለች መራችኝና መንገዱ ላይ መለሰችኝ። ለእናቷ ከልቤ ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ያስፈራኝ ግን የእናቷ ነገር አልነበረም። እዚያ ቤት ማታ ማታ ራት የሚበላ፣ ደብተር የሚያይ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሌላ ሰው ሊገባ ነው።

"ሰውየው እንዴት ነው?" አልኳት።

"ደህና ሰው ነው። ጌም ግን አይችልም።"

ሦስት ኩርባ ካለፍን በኋላ "እንግዲህ አስተምሪው" አልኳት።

"እሺ" አለች፤ "ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አይደለም።"