ከእንባ የማይበልጥ ጨው

«ከመንገዱ በላይ ያለውን ጉብታ ያዙ። ሌላ ቃል እስክሰጣችሁ አንድም ሰው እንዳይነቃነቅ።»

የተቀበልነው ትእዛዝ ይኸው ነበር። የሰጡንም አለቃችን ባላምባራስ ቢተው ናቸው። ባላምባራስ ወሬ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ሁለት ቃል ከተናገሩ ሦስተኛውን የሚጠብቅ ሞኝ ነው። ስንቃችንን በአቁማዳ ቋጥረን፣ ጠመንጃችንን አንግተን ዶሮ ሲጮህ ተነሣን። ጉብታው ላይ ስንደርስ ጀምበር ብቅ አለች። በስተምዕራብ ቡሬ፣ በስተምሥራቅ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሉት አገር፣ ከእግራችን ሥር ደግሞ ጣልያን ስንቁንና ጥይቱን በካሚዮን የሚያመላልስበት መንገድ ይታያል። ከመንገዱ ወዲያ ወንዝ አለ።

እናንተ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ተኩስ ነው። ተኩሱማ የአንድ ጧት ነገር ነበር። የቀረው መቀመጥ ነው፤ መቀመጥ፣ መራብ፣ መጠበቅ። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ውሃ ነው። ካልጣማችሁ ተነሡና ከብቶቻችሁን እዩ፤ አልቀየማችሁም።

ጊዜው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወንዙ ገና ደፍርሶ ይወርዳል። እኛ ሌት መንገዱን ተሻግረን ከዚያው እየቀዳን እንጠጣለን። ከላይ በኩል በውጊያ የወደቁ በቅሎዎች ውሃው ውስጥ እንደበሰበሱ የሰማነው ዘግይተን ነው። አንድ ሰው ሆዴን አለ። በማግስቱ ሌላው። ከዚያ ማን ይቁጠረው! ተቅማጡ ጎበዙን ሁሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨምቆ ጣለው። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ቆዳውን ቆንጥጠህ ስትለቀው ተጨማዶ ይቀራል።

ያኔ በአገራችን ልማድ ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ አይሰጠውም። «አንጀቱ ይድረቅለት» ይባላል። ቆሎ ይቆረጥማል፣ ደረቅ ቂጣ ይሰጠዋል፣ ውሃ ሲለምን «ቻል አድርገው፣ ጥቂት ነው» እንለዋለን። ክፉ ሆነን አይደለም። አባቶቻችን ያደረጉትን ነው ያደረግን። እየተለመንን እየከለከልን፣ እየተከለከሉ ሞቱብን።

ወንድሜ ይስማው በዚህ መሐል ታመመ። ታላቄ ነው። አባታችንን አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር የሆኑ ጥቁር ወታደሮች፣ ደጃችን ላይ ገድለውት፣ መቃብሩን በእጁ የቆፈረ እሱ ነው። ጫካ የገባነውም ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ስሜን እንኳ መጥራት አቅቶት በጣቱ ነበር የሚጠራኝ። እናታችን «ወንድምህን አደራ» ያለችኝ ለእኔ ለታናሹ ነው። እንግዲህ ፍርሃቴን አስቡት።

ከእኛ ጋር ግርማይ የሚባል ሰው ነበር። ከመረብ ማዶ የመጣ፣ የጣልያን አስካሪ የነበረ፣ ጠመንጃውን ይዞ የከዳ። ባላምባራስ አምነው ተቀበሉት እንጂ እኛስ ጀርባችንን አንሰጠውም ነበር። ግርማይ ገና የመጣ ዕለት ይስማው «ይህን ሰው ልግደለውና ልረፍ» ብሎ በስንት ልመና ነው የተመለሰ። ግርማይም ያውቃል። ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይተኛል።

ያን ዕለት መጥቶ ከራቀ ቦታ ቆመና፣ «ወንድምህ የሚሞተው በበሽታው ብቻ አይደለም፤ በጥማት ነው» አለኝ።

«ምን አገባህ አንተን?» አልሁት።

«ጣልያን ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ አገላባጭ ነበርሁ። አያለሁ እኮ። ከሰውየው የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። የወጣውን ካልመለስህለት ያልቃል። እነሱ እንዲህ ለደረቀ ሰው የጨው ውሃ በመርፌ በደም ሥሩ ያስገቡለት ነበር። እኛ መርፌ የለንም። አፍ ግን አለን።»

ልቤ ሁለት ሆነ። ከባንዳ አፍ የወጣ ምክር ነው። ግን ደግሞ ወንድሜ ፊቴ እየሄደ ነው። የግርማይን እጅ ይዤ ባላምባራስ ዘንድ ወሰድሁት።

«ጌታዬ» አልሁ፣ «ግርማይ ይስማውን አድናለሁ ይላል። ውሃ፣ ጨውና ማር ነው የሚለው። ግን ውሃው መፍላት አለበት፤ እሳት ይፈቀድልን።»

ባላምባራስ ግርማይን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ማሩ ለምንድን ነው?»

«አቅም ይሆነዋል ጌታዬ። ሆዱም ጨዉን ይቀበልለታል።»

«እሳትስ? ቀን ጭሱ፣ ሌት ብርሃኑ ያስበላናል። አውሮፕላኑ በየቀኑ ከላያችን ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ላስጨርስ?»

እውነታቸውን ነው። ግርማይ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ጧት ጧት ጉም አለ» አለ።

ባላምባራስ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «ጉሙ ሳለ አንድዱ። ሲነሣ አመዱን እንኳ እንዳላይ» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጉሙ ጉብታውን ዋጠው። ጭስ እንዳይበዛ ደረቅ ቀርከሃ ሰበሰብን። ቀርከሃ ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ ከገባ በጉጥና በጉጥ መሐል ያለው አየር እንደሚያፈነዳው የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። በችኮላ ግን ማን አስታወሰ! ጧ! አለ። ጧ! ጧ! ጉብታው ሙሉ ሰው መሬት ላይ ተደፋ። ጥበቃ ላይ የነበረው ቃፊር «ገቡብን!» ብሎ ተኮሰ። ቄስ አድማሱ፣ ጦሩን የሚናዝዙት ካህን፣ መስቀላቸውን ጥለው ጠመንጃ አነሡ። ነገሩ ሲገባን በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ሳቅን፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ባላምባራስ ብቻ አልሳቁም። «ሰንጥቁት» አሉና ሄዱ።

ውሃውን በነጠላ አጠለልነው፣ አስቀምጠን አጠራነው፣ ከጣልያን በተማረከ የብረት ድስት ፍልቅልቅ እስኪል አፈላነው። ሲበርድ ግርማይ በቅል ቀድቶ ከአሞሌ ጨዉ ፈቅፍቆ ጨመረ፣ ማሩን በጠበጠ። ይዞ ወደ ይስማው ሄደ።

ይስማው ዓይኑን ገለጠ። ማን እንደሆነ ሲያይ ፊቱን ወደ መሬት አዞረ።

«ይስማው፣ በእናታችን!» አልሁት። እኔ ቀድሜ ተጎነጨሁ። «እየው፣ ምንም የለበትም።»

በዚያ በጠፋ ድምፁ፣ «አባቴን ከገደሉ ሰዎች እጅ አልጠጣም» አለ።

ለመንሁት። ቄስ አድማሱም መጥተው ገዘቱት። ወይ ፍንክች! ጥርሱን ነክሶ ተኛ። እልኸኛ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ያን ጊዜ ግርማይ ቅሉን አንሥቶ ያን ሁሉ ውሃ መሬት ላይ ደፋው። ባዶውን ቅል ለእኔ ሰጠኝ። ይስማው እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እውነቱን ነው» አለ። «እኔም ብሆን አልጠጣም። አንተ ሥራው። እኔ አልነካውም። ጨዉን በሦስት ጣትህ ቆንጥረህ ጨምር። ማሩን አትሰስት። ከዚያ ቅመሰው። ከእንባህ በላይ ጨው ካለው ድፋና እንደገና ጀምር፤ ጨው ከበዛበት ይገድለዋል።»

እንባው እንደሆነ ፊቴ ላይ ነበር፤ ልኩን ለማወቅ አልተቸገርሁም። ሠራሁ። ግርማይ እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ ዘወር ብሎ ቆመ። ይስማው አየው፣ እኔን አየኝ፣ አፉን ከፈተ።

አንዴ ጠጥቶ አስመለሰው። «በጣም ጥቂት ጥቂት፣ ዶሮ እንደምትጠጣው» አለ ግርማይ ዘወር እንዳለ። ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂት አጠጣሁት። በማግስቱ ሽንቱ መጣ። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን በወንድሜ ሽንት እልል ማለት ነው የቀረኝ። ቀጥሎ ባለው ጧት ተደግፎ ተቀመጠ። ያን ያየው ሰው ሁሉ ቅሉን ይዞ ወደ ድስቱ መጣ። የተኙት አንድ በአንድ ተነሡ። ሁሉም ግን አልተነሡም፤ ዘግይተን የደረስንባቸው ነበሩ።

ይስማው ለግርማይ ምስጋና አልሰጠም። አንድ ጧት ብቻ ከድስቱ ቀምሶ፣ «ይህን ደግሞ ማን ሠራው? ጨዉ አንሷል» አለ። ግርማይም «ያንተ እንባ ወፍራም ሆኖ ነው» አለው። ይስማው ሳቁን አፈነ። ከዚያ ወዲህ ግርማይ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይበላ ጀመር።

ካሚዮኖቹ የመጡት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ጉሙ ተነሥቷል። ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ፤ ጠበቅን። እጃቸው ወረደ። ተኮስን። የፊተኛው ካሚዮን መንገዱን ዘግቶ ቆመ። የጣልያኑ ሶላቶ ወርዶ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተኛ። መትረየሱ ጉብታውን አረሰው። ይስማው ገና መቆም ስላልቻለ ተኝቶ ይተኩሳል። በግራ በኩል ሊከቡን ወጡ። ግርማይ አመጣጣቸውን ቀድሞ አወቀ፤ ሥልጠናው የእነሱ ነውና። «በግራ! በግራ!» እያለ ሮጠ። ተከተልነው። መለስናቸው። ቀትር ሲሆን ተኩሱ በረደ፤ የቀሩት ወደ ቡሬ ሸሹ። ግርማይን ድንጋይ ላይ ተደፍቶ አገኘነው። ደረቱን ነው።

የሞተብንን ቆጠርን። በጥይት አራት። እዚያ ጉብታ ላይ በተቅማጥ የቀበርናቸው ደግሞ አሥራ አንድ። ጠላት ከገደለብን ይልቅ ውሃ የገደለብን፣ ከውሃም ውሃ መከልከላችን የገደለብን ይበልጣል። ስለ ጀግንነት ስትጠይቁኝ መልስ የማጣው ለዚህ ነው።

አራቱን ጎን ለጎን አስተኛናቸው። ቄስ አድማሱ ፍትሐት ጀመሩ። የእያንዳንዱን የክርስትና ስም እየጠየቁ፣ ዘመዱ ወይም ባልንጀራው እየነገራቸው ይጸልያሉ። ግርማይ ዘንድ ደረሱ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

የሚያውቅለት ሰው የለም። የክርስትና ስም በየሜዳው አይወራም፤ እናቱ ታውቃለች፣ የንስሐ አባቱ ያውቃል። እነዚያ ደግሞ ከመረብ ማዶ ናቸው። ቄስ አድማሱ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩን። ያለ ስም እንዴት ልጸልይለት የሚል ጭንቀት ፊታቸው ላይ ይነበባል።

ይስማው ጠመንጃውን ተመርኩዞ ከመሬት ተነሣ።

«ወልደ ገብርኤል ይበሉት» አለ።

ቄስ አድማሱ ግር አላቸው። ይስማውን የሚናዝዙት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ይህ የአንተ አይደለም ወይ?»

«የእኔ ነው አባ። ለሁለታችንም ይበቃል።»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡና በዚያው ስም ጸለዩለት። ወንድሜም ዶማውን ከእጄ ተቀበለኝና፣ ገና በእግሩ ሳይጠና፣ መቃብሩን እሱ ቆፈረ።