የሻያዋ ዓሣ

ይኸው መብራት ጠፋ። የፀጉር ማድረቂያው ካስክና ሬዲዮው ዝም ሲሉ ምንም አይመስለኝም፤ የዓሣዎቹ ፓምፕ ሲቆም ግን መቀመጥ አልችልም። ቆይ፣ ብርድ ልብሱን ላልብሳቸው። የጎባን ብርድ ታውቂው የለ፣ ማሞቂያው ከቆመ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል።

የገንዳቸው ክዳን ላይ ያለው ድንጋይ ለምንድን ነው አልሽኝ? ለደንበኞቼ ሁሉ "ድመት እንዳትከፍተው" ነው የምላቸው። እዚህ ቤት ድመት ገብታ አታውቅም። ካስኩ ቆሞ ፀጉርሽም እርጥብ ነውና፣ መብራቱ እስኪመጣ እውነቱን ላጫውትሽ። ለሰው ነግሬው አላውቅም።

ሮቤ ነበር፣ አሥረኛ ክፍል እያለሁ። የስንዴ አጨዳ ወቅት ስለነበር ኮምባይነሩ ከከተማው ዳር ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ የገለባው ብናኝ በመስኮት እየገባ ደብተራችን ላይ ያርፋል። የባዮሎጂ መምህራችን ከሐዋሳ የተመደበ ወጣት ነበር። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነውና ዓሣ ሳያይ መዋል አልሆነለት መሰለኝ፣ ለቤተ ሙከራው የመስታወት ገንዳ አሠራ።

ዓሣዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ወር ሙሉ ስንመርጥ ነው የከረምነው። እኛ ሥዕሉን እያየን ቆንጆ ቆንጆውን እንጠቁማለን፤ እሱ ደግሞ "ምን ያህል ያድጋል? ምን ይበላል? ስንት ዲግሪ ይፈልጋል?" እያለ ያፋጥጠናል። ጎልድፊሽ ያላለ ልጅ አልነበረም።

"እሱ ብርድ ይወዳል፣ እነዚህ ጋፒ የሚባሉት ደቃቆቹ ግን ሙቀት ነው የሚፈልጉት። አንዱን ደስ ስታሰኙ ሌላውን ትገድላላችሁ" አለን።

"ታዲያ ቲቸር፣ ለብ ቢልስ?" አለች ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"ለብ ካለ ሁለቱም ይታመማሉ። ደግሞ ይህን ያዙ፤ አንዱ ዓሣ የሌላው አፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አንድ ቀን ይገባል።"

በመጨረሻ ጋፒዎችን፣ ጭራቸው እንደ ሰይፍ የሾለ ቀያዮችን፣ ከሥር ከሥር እየሄዱ ፍርፋሪ የሚለቅሙ ጢማሞችን መረጥን። ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ሙቀት ወዳዶች ነበሩ፤ ጠብም አያውቁም። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣቸው። የቧንቧው ውሃ የመድኃኒት ሽታው እስኪለቀው በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን አሳደርነው። ማጣሪያውን፣ ፓምፑን፣ ማሞቂያውን አስገባን። የማሞቂያዋ ትንሽ ቀይ መብራት ስትበራ ቤተ ሙከራው ሰው የሚኖርበት ቤት መሰለ። የምግባቸው ሽታ፣ ያ የደረቀ ዓሣ ዱቄት፣ ዛሬም ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቴርሞሜትሩን አንብቦ መዝገብ ላይ መጻፍ የኔ ሥራ ሆነ። እንዴት ኮርቼ እንደነበር አትጠይቂኝ።

ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱት እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ጠዋት በሩን ከፍተው መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ገንዳውን ነው፤ "አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ?" ይሉታል ዓሣዎቹን። እኔን "ኢንተሎ" ነበር የሚሉኝ፣ ልጅት ማለታቸው ነው። ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። በኮንትራት ነበሩና የቋሚነት ደብዳቤያቸውን ይጠብቃሉ፤ በየሳምንቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ብቅ ብለው "ደብዳቤዬ መጣ?" ሲሉ ሁላችንም እንሰማቸው ነበር።

ሰኞ የወላጆች ቀን ሊሆን፣ እኔ ምላሴ አላርፍ ብሎ "የሻያን ዓሣ አስገባለሁ" ብዬ ለልጆቹ ጉራ ነዛሁ። አጎቴ ከሻያ ወንዝ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያጠምድ ነበር። እኛ የባሌ ልጆች፣ ገንዳችን ውስጥ ግን የባሌ ዓሣ የለም፤ ይሄ ይከነክነኛል። መምህሩን ስጠይቀው "እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ የለመደች ናት፤ አዳኝም ናት። አይሆንም" ብሎኛል። ሰምቻለሁ። ያልሰማሁ እንዳይመስልሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ ስንዝር የምታህል ትራውት ከነሕይወቷ በባልዲ ሰጠኝ። ጎኗ ላይ ሮዝ መስመር አላት፣ ጀርባዋ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ትምህርት ቤት ስደርስ እትዬ መስኮት ይወለውላሉ።

"ባልዲው ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነው፣ እትዬ። ቲቸር ነው አምጪ ያለኝ።"

"እሱ ነው ያለሽ?"

"አዎ።"

ጎንበስ ብለው አዩዋት። "ይቺማ ትልቅ ናት። እነዚያን ደቃቆቹን አትበላቸውም?"

"ከጠገበች አትበላም" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። አመኑኝና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱልኝ።

መጀመሪያ መዝገቡ ላይ "ቅዳሜ፣ ሃያ አምስት ዲግሪ" ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው እውነት ነበር። ከዚያ ትራውቷን ለቀቅኳት። ጥግ ይዛ አፏን ቶሎ ቶሎ ስትከፍት ሳያት ሞቋት ነው ብዬ አዘንኩላትና የማሞቂያውን ሶኬት ነቀልኩት። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ለብ ይላል አልኩ በልቤ፣ ያቺ ጓደኛዬ እንዳለችው። ክዳኑን መልሼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ መምህሩ የተነቀለውን ሶኬት በእጁ ይዞ ቆሟል። ግማሾቹ ዓሣዎች አሸዋው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ግማሾቹ ጭራሽ የሉም። ትራውቷም የለችም። ገንዳውን በዓይኔ ዞርኩት፣ ድንጋዮቹ ሥር ሁሉ ፈለግኳት። ማንን ልጠይቅ? የት ሄደች ብሎ መጠየቅ እዚህ ነበረች ብሎ ማመን ነው።

ዳይሬክተሩ መጣና መዝገቡን ገለጠ። "ቅዳሜ ሃያ አምስት ነበር። ይቺ ልጅ ጽፋ ስትሄድ ደህና ነበር ማለት ነው" አለ። "ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

እትዬ መወልወያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። ዞር ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ የለበትም። ሰው በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት እንደሚቆመው ነበር የጠበቁኝ። እኔ ቴርሞሜትሩን አየሁ። አሥራ ሦስት ይላል።

"ስወለውል ነቅዬው ይሆናል" አሉ።

"ይሆናል?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ነቅዬዋለሁ።"

ደብዳቤው አልመጣም። በወሩ መጨረሻ ተመልሰው እንዳይመጡ ተነገራቸው። ጋውናቸውን አጣጥፈው፣ ቁልፉን ላዩ ላይ አስቀምጠው ሲያስረክቡ በመስኮት አይቻለሁ። ልጆቹ ሊሰናበቷቸው ሲሮጡ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ደሎ መና እህታቸው ጋ ሄዱ፣ ቡና ለቀማ ገቡ ሲሉ ሰማሁ። መምህሩ ገንዳውን አደረቀው፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ወደ አገሩ ተዛወረ። ለእሱም አልነገርኩትም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

ይህን ፀጉር ቤት ስከፍት ገና ሁለተኛ ካስክ ሳልገዛ ገንዳ አሠራሁ። እየጠየቅኩም፣ ስልኬ ላይ እያነበብኩም፣ ያ መምህር እንዳስተማረን አድርጌ መረጥኳቸው። የሚበላሉ የሉበትም። ሁለት ማሞቂያ ነው ያለኝ፣ አንዱ ቢበላሽ ብዬ። ሰው ፍቅር ይመስለዋል። እኔ የምሠራውን አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ገቡ። ልጃቸውን ሊድሩ ከደሎ መና መጥተው፣ ፀጉራቸውን ሊታጠቡ። ከመቀመጣቸው በፊት ገንዳው ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው "አካም ቡልተኒ" አሉት።

ፎጣው ከእጄ ወደቀ።

"ኢንተሎ" አሉኝ ሳይዞሩ፣ "ከእነዚህ የሻያዋ የቷ ናት?"

"የለችም፣ እትዬ።"

"ሰኞ ሲነጋ ወለሉ ላይ ነው ያገኘኋት። ክዳኑን ገፍታ ዘላ። አንቺ ላይ እንዳይደርሱብሽ በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።"

"ምን... ምን አደረጓት?"

"ምን ላድርጋት፣ ልጆቼ በሏት። እሾኋ በዛ እንጂ ትጣፍጥ ነበር።" ሳቁ። የፊት ጥርሳቸው ወልቋል። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ክዳኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና "ይሄም ቀላል ነው። የሆነ ነገር ጫኚበት" አሉኝ።

ያ ድንጋይ ይኸው ነው። በማግሥቱ ሻያ ወርጄ አመጣሁት።

የዚያን ዕለት ራሳቸውን መታጠቢያው ላይ አስደግፌ ሻሻቸውን ፈታሁ። ሽበታቸው ስስ ነው፣ የጭስና የቅቤ ሽታ አለው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸውን እያየሁ መናገር አልቻልኩም፤ ውሃውን ከፈትኩትና በድምፁ ተከልዬ "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

ይስሙኝ አይስሙኝ አላወቅኩም። ልደግመው አፌን ስከፍት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ኢንተሎ፣ ውሃው ቀዘቀዘኝ። ትንሽ ሞቅ አድርጊልኝ" አሉ።

መጀመሪያ ክንዴ ላይ አፍስሼ ለካሁት። ከዚያ ሞቅ አድርጌ አጠብኳቸው።