ሁለት ቁልፍ ያለው ዲስክ

ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን ጠባይ ከውጭ አላመጣሁትም፣ ያደግሁበት ቤት ነው የሰጠኝ። አባቴ ጣና ላይ ባለችው ደቅ ደሴት መሪጌታ ነበሩ፤ ከማስተማሩ ሌላ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ካሉት ሁለት ቁልፎች አንዱን ይይዙ ነበር። ሁለተኛው ሌላ ካህን ዘንድ ነው። ብራናውም መስቀሉም የሚወጣው ሁለቱ ባለቁልፎች በር ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። አባቴ ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት፣ ሌላው ባለቁልፍና ዲያቆናቱ አጠገባቸው ቆመው እያዩዋቸው እንኳ፣ "ሁላችሁም አላችሁ?" ይላሉ። "አለን" ሳይባሉ እጃቸው አይንቀሳቀስም። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ብቻዬን ብገባ፣ ባልነካም እታማለሁ ልጄ" አሉኝ።

ኋላ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል አለን። እኔና ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙ ሳንርቅ፣ ሠርግ የምንቀርጽበት ትንሽ ስቱዲዮ አለን። ስለዚህ ሆስፒታል ሳይተኙ በፊት የሚችሉትን ያህል ዜማ እንቅረጽ አልን። አባቴም ከዘንዘልማ፣ ከወንድሜ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ መምጣት ጀመሩ።

ቀረጻው ሁለቱን ኮምፒውተሮቻችንን ሞላቸው። አንድ ቴክኒሻን ዲስኮች የተደረደሩበት ሳጥን አምጥቶ በኔትወርክ ገመድ አገናኘልን። ኮምፒውተሮቻችን ግን ሳጥኑን በራሳቸው አያውቁትም፤ ሌላ ድርጅት የሠራው ሶፍትዌር መጫን ነበረበት። እኔ ገና ያኔ ደስ አላለኝም።

"ኮምፒውተሩን የሠራው ያልሠራውን፣ ማን ብዬ ነው እቤቴ የማስገባው?" አልሁት።

"እህቴ፣ ሥራው ቀላል ነው" አለኝ። "ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዲስክ ኮምፒውተሩ የራሱ፣ ሆዱ ውስጥ ያለ አድርጎ እንዲያየው ያደርጋል።"

"ኮምፒውተሩን ከሸወደ እኔን ይምረኛል?"

ሳቀ። ሲወጣ ግን ኮስተር ብሎ፣ "አደራ፣ አንዱ ሲያያዝ ሌላው ይላቀቅ። ሁለታችሁ ባንዴ እንዳትገቡ" አለን።

በሩን ዘግቶ ሲሄድ እኔና ወንድሜ ተያየን። ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ የመዝሙር ቻናል ከፍቷል፤ የአባባን ድምፅ ሳይፈቅዱለት እዚያ ይለቀዋል ብዬ እሰጋለሁ። እሱ ደግሞ እኔ ለምዘምርበት ማኅበር አሳልፌ እሰጠዋለሁ ብሎ ይፈራል። እና አሁን ይኸው ቴክኒሻን ተራ በተራ፣ ብቻ ለብቻ ግቡ ይለናል።

"ዕቃ ቤት ብቻውን የሚገባ የለም" አለ ወንድሜ።

ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ከዲስኩ ጋር አያያዝናቸው፣ እኔም የሱን እንዳይ፣ እሱም የኔን እንዲያይ። የቴክኒሻኑን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሌላ ሳጥን ሊሸጥልን ነው ብለን አማነው። ዲስኩም በሁለቱም ላይ ወለል ብሎ ተከፈተ። "አየህ፣ ውሸቱን ነው" አልሁ። እስካሁን የቀረጽነውንም ሁሉ ወደ ዲስኩ አዛውረን ከኮምፒውተሮቹ አጠፋነው።

ብዙ አልቆየም፣ ነገሩ ይሸተኝ ጀመር። እኔ ያስቀመጥሁት ቀረጻ ወንድሜ ጋ አይታይም። "የት አደረግሽው?" ይለኛል። የሱም እኔ ጋ የለም። "ደበቅኸው እንዴ?" እለዋለሁ። አንድ ቀን የነበረ ፋይል በማግስቱ ስሙ ብቻ ይቀራል፣ ስከፍተው እምቢ ይላል። ወንድሜ ሲወጣ ፍላሽ ይዞ እንደሆነ ኪሱን በዓይኔ እፈትሽ ጀመር። እሱም ምሳ ሲሄድ እኔን አስወጥቶ ይቆልፋል። ለብ ያለ ውኃቸውን እየጠጡ መካከላችን የሚቀመጡት አባቴ፣ "ምን ሆናችሁ ነው?" ሲሉን፣ "ምንም አባባ" እንላለን። ከዚያ መቅረጫው ሲበራ እንደ ልማዳቸው፣ "ሁላችሁም አላችሁ?" ይላሉ። ጀርባና ጀርባ ሆነን፣ "አለን" እንላለን። ዜማው ይጀምራል።

ቀዶ ሕክምናው ደኅና አለፈ። ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ ከሹክሹክታ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። በዚያው ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹን ብናስነሳ፣ በሁለቱም ላይ ዲስኩ አይነበብም፣ እንደ አዲስ ይዘጋጅ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ወንድሜን "አንተ ነህ" አልሁት። "አንቺ ነሽ" አለኝ። የካሜራዎቹን ካርዶች ለሠርግ ብለን አጥፍተን ተጠቅመንባቸዋል፤ በሁለት ሰው ዓይን የሚጠበቅ ዲስክ እያለ ካርድ ማን ያስቀምጣል?

ቴክኒሻኑ መጣና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "ሁለታችሁም ባንዴ ተያይዛችሁ ነበር?"

"አዎ" አልነው፤ "ሰረቅህ፣ ሰረቅሽ" መባባላችንንም ነገርነው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሁለቱም ኮምፒውተሮች ዲስኩ የብቻዬ ነው ብለው ነው የሚጽፉት" አለ። "አንዱ የጻፈበትን ቦታ ሌላው ባዶ መስሎት ይጽፍበታል። እናንተ አልተሰራረቃችሁም። እነሱ ናቸው የማይተያዩት።"

ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኪሱን ስፈትሽ የከረምሁት ወንድሜ ምንም አልወሰደም።

ቴክኒሻኑ የጠፋውን ለማውጣት ዲስኩን ሲቆፍር ሰነበተ። ከተገኘው ቁርጥራጭ ውስጥ የሚሰማ አንድ ብቻ ነበር። እሱን በስልኬ ይዤ ከወንድሜ ጋር ዘንዘልማ ሄድሁ። አባቴ አንገታቸው ተጠቅልሎ ጋደም ብለዋል። ዲስኩ መበላሸቱን እስካሁን አልነገርናቸውም። ስልኩን እንዳዩ ቀረጻቸውን ይዘን መምጣታችን ገባቸው፤ አሰሚኝ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ጆሯቸው ሥር አደረግሁት። "ሁላችሁም አላችሁ?" አለ ያ ሙሉ ድምፃቸው። "አለን" ስንል ይሰማል። ትንፋሽ ይስባሉ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ለምቱ አዘጋጅተው፣ ዜማው እስኪጀምር ይጠብቃሉ። እኔና ወንድሜ ማን ይንገራቸው ብለን ተያየን።